የሙከራው ቁጥር

ሶስና ይሄነው እንጅባራ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ ድረ ገጽ ትሠራለች። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት «ኮምፒውተር» ብላ ትገላገላለች፤ ዝርዝሩን ብትጀምረው ጠያቂው በመጠየቁ እንደሚጸጸት ታውቃለች።

አባቷ አያ ይሄነው ከጥሊሊ ወጣ ብላ ባለች መንደር ብቻቸውን ይኖራሉ። ባለቤታቸው ውቢት በሕይወት ሳሉ የቤቱ ጨዋታ የእናትየዋ ነበር። ውቢት ካረፉ ወዲህ አያ ይሄነው ቃል የሚቆጥቡ ሰው ሆኑ። ሶስና እሑድ እሑድ ትደውላለች።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ አባባ።»

«ላሟም ደህና ናት። በይ፣ ካርድሽ እንዳያልቅ።»

ጨዋታቸው ይኸው ነበር።

ለፋሲካ ቤት ስትሄድ ሥራዋን ይዛ ሄደች። አንድ የችግኝ አምራቾች ማኅበር ገበሬው በስልኩ ከፍቶ «ደውል» የምትለዋን ቁልፍ ሲነካ በቀጥታ ከማኅበሩ የሚያገናኘው ገጽ አዟት ነበር። ቁልፏን ለመሞከር የሚጮህ ስልክ ያስፈልጋል። ከራሷ ስልክ ወደ ራሷ መደወል አይቻልምና የአባቷን ቁጥር አስገባች። ስትነካው የአያ ይሄነው ኪስ ጮኸ።

«ይኼ ነገር እኔን በምን አወቀኝ?» አሉ ፊታቸው በርቶ። «እስቲ ድገሚው።»

ደገመችላቸው። እሳቸውም ፊት ለፊቷ ተቀምጠው እያዩዋት፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው «አቤት!» አሉ። ያን ቀን ሥራው ብዙም አልተገፋ።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ያለዚህ የቀረው አይገባችሁም። እንዲህ ያለ ቁጥር ኮዱ መሀል አይጻፍም። በሙከራና በእውነተኛው አገልግሎት መካከል የሚለያይ ነገር ሁሉ፣ የስልክ ቁጥርም ሆነ የሰርቨር አድራሻ፣ ለብቻው በቅንብር ፋይል ይቀመጣል፤ አንዱ ፋይል ለሙከራ፣ አንዱ ለዋናው። ገጹ ተገንብቶ ለሕዝብ ሲወጣ በተመረጠው ፋይል ላይ ያለው ቁጥር ከገጹ ጋር አብሮ ይጋገራል። ከዚያ በኋላ ፋይሉን ብቻ መቀየር፣ ከምድጃ በወጣ ዳቦ ላይ ጨው እንደመነስነስ ነው። መላው እንደገና መጋገር ነው። ሶስና ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ለጓደኞቿም ታስረዳለች። ይሁንና ገጹን ለሕዝብ ያወጣችው በሙከራው ፋይል ነበር።

ሰኔ ገባ፤ መሬቱ ራሰ፤ ገበሬው ችግኝ ፈለገ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ቢሻው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ፣ የሚደውል ጠፋ። በገበያ ቀን ግን ሰዉ እንጅባራ ወዳለው የማኅበሩ ቢሮ ግር ብሎ መጣ፤ ሶስናም የገጹን ነገር ልታይ እዚያው ነበረች።

«ማን ላካችሁ?» አላቸው ቢሻው።

«አያ ይሄነው ናቸዋ!» አለች አንዲት ሴት። «ስደውል አነሱልኝና በአገውኛ አጫወቱኝ። የማን ልጅ ነሽ ብለው ጠየቁኝ፤ ለካ አያቴን ያውቋቸዋል! የችግኙን ነገር እኔ አላውቀውም፣ በገበያ ቀን ሂጂ፣ ልጄ እዚያ አለች አሉኝ።»

ቢሻው ወደ ሶስና ዞረ። «አያ ይሄነው ማናቸው?»

ሶስና መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ወዲያው ወደ ውጭ ወጥታ አባቷ ጋ ደወለች።

«አባባ፣ ሰዎች ይደውሉልዎታል እንዴ?»

«ምነው? አንቺ አይደለሽ ሥራውን የሰጠሽኝ? ኔትወርኩ የሚይዘው ኮሶው ሥር ነውና በርጩማዬን እዚያ አውጥቻለሁ። አንዱንም ሳላነሳ አላለፍኩም። ዛሬ ማን ቢደውል ጥሩ ነው?...» እያሉ ቀጠሉ።

ስለ ካርዱ አላነሱም። እናቷ ካረፉ ወዲህ አባቷ እንዲህ ሲያወሩ ሰምታ አታውቅም። እውነቱን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን «ጎሽ አባባ» ብቻ ነበር።

ቢሻው ደግሞ ማኅበሩን በአያ ይሄነው ጨዋታ ሊያስተዳድር አይችልም፤ አይፈረድበትም። ሶስና ትክክለኛውን ቁጥር ዋናው ፋይል ላይ አስገባችና «ተስተካክሏል» አለችው። በሚቀጥለው ገበያም ሰዉ በአያ ይሄነው ተልኮ መጣ። ፋይሉን ቀይራ ገጹን እንደገና ሳትገነባው ቀርታ ነበር። «ረስቼው ነው» ብትለው ቢሻው አመናት። እኔ ግን አላምናትም።

ሁለተኛ ሲነግራት በዋናው ፋይል ገነባችው፤ ጫነችው፤ ከስልኳ ነካችው። የማኅበሩ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ቢሻው አጨበጨበ፤ እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እሑድ ስትደውል አባቷ «ሥራው ቀዝቀዝ ብሏል» አሏት።

«ይሆናል አባባ።»

«በይ፣ ካርድሽ እንዳያልቅ።»

ጥቂት ሰንብቶ አያ ይሄነው በሚኒባስ ቆሰበር ወረዱ፤ እሳቸው እንጅባራን ዛሬም የሚጠሯት በድሮ ስሟ ነው። ስልካቸውን በመሀረብ ጠቅልለው ይዘዋል።

«ታሟል መሰለኝ፤ አይጮህም» አሏት። «አሠሪልኝ፤ ሰዎቹ እየደወሉ አጥተውኝ ይሆናል።»

ምን ትበላቸው? ስልክ ጠጋኙ አበረ ጋ ወሰደቻቸው። አበረ ስልኩን ከፈተ፣ አገላብጦ አየው፣ መልሶ ገጠመው።

«አባቴ፣ ስልክዎ ምንም አልሆነ። ደዋይ ስለሌለ ነው ዝም ያለው።»

ክፋት አልነበረበትም። አያ ይሄነው ግን አንገታቸውን ደፉ። መሀረቡን ማጠፍ ጀመሩ፤ አጥፈው ጨረሱና ፈቱት፤ እንደገና አጠፉት። ሶስና ይህን ቆማ ማየት አልቻለችም። «መጣሁ» ብላ ወጣችና ከሱቁ ጀርባ ከቆመ ባጃጅ አጠገብ ሆና ደወለች። በቆርቆሮው ግድግዳ በኩል ስልኩ ሲጮህ ሰማችው።

«አቤት!»

ድምጿን አወፍራ «ችግኝ ፈልጌ ነበር» አለች።

ድምፅ በማወፈር አባት አይታለልም። ሆኖም ደዋዩን ሁሉ እንደሚጠይቁት ቀስ ብለው ጠየቁ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የአያ ይሄነው» አለች፤ እንባዋ ቀደማት።

«አውቃቸዋለሁ፤ ደህና ሰው ናቸው» አሉ አያ ይሄነው። «ልጃቸውም ደህና ልጅ ናት። ብቻ የምትደውለው እሑድ እሑድ ነው።»

የማኅበሩ ገጽ ዛሬ ያለ እንከን ይሠራል። በሙከራው ፋይል ላይ ያለው ቁጥር ግን አልተነካም። ሶስና በየቀኑ ሥራ ስትጨርስ ያቺን የሙከራ ገጽ ቁልፍ ትሞክራለች፤ ኮሶው ሥር በርጩማቸው ላይ የተቀመጡ አንድ ሰው «አቤት!» ብለው ያነሳሉ። ስለ ካርዱ የሚያነሳ የለም።