የቦራ ግላስ

ይህ ነገር የገጠመኝ በ2006 ዓ.ም.፣ ከእንጅባራ ወጣ ባለች አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ሥዕል ሳስተምር ነው። ዛሬም መቀስ ባነሳሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄጄ የአንዲት ሠዓሊ ዐውደ ርእይ አይቼ ነበር። ሴትዮዋ ቀለም አትነካም፤ አሮጌ ጨርቅ እየሰፋች ግድግዳ የሚያክል ሥዕል ትሠራለች። የሥዕል ቀለም በዓይናችን አይተን ለማናውቅ ለገጠር መምህራን ይህ ከሰማይ የወረደ መና ነው። እንደተመለስኩ ለአራተኛ ክፍል ልጆቼ ስለ እሷ ነገርኳቸውና «እኛም የዘንገናን ሐይቅ በጨርቅ እንሠራለን። ከቤት ማንም የማይጠቀምበትን ጨርቅ አምጡ» አልኳቸው።

የተቀደደ ነጠላ፣ የሸሚዝ እጅጌ፣ የማዳበሪያ ጆንያ መጣ። ከአያቷ ጋር የምትኖረው ዝምተኛዋ ትርንጎ ግን ቀይ፣ ዳር ዳሩ በቢጫ ክር የተጠለፈ፣ መርገፍ ያለው ጨርቅ ይዛ መጣች። ደስታዬ ወሰን አጣ። «ይኼማ ፀሐይ ይሆነናል!» ብዬ መቀሴን አነሳሁ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። እነዚያ ጆሮ የሚያደነቁሩ ልጆች ትንፍሽ ሳይሉ አፍጥጠው ያዩኛል። እኔ ሞኟ፣ ምን ያለሁ ጎበዝ አስተማሪ ነኝ ብዬ ልቤ አበጠ። ጨርቁን ለሁለት ቆረጥኩት።

በዕረፍት ሰዓት ትርንጎ ከክፍል አልወጣችም። ሁለቱን ቁራጮች አቅፋ ታለቅሳለች።

«ቲቸር፣ የቦራ ግላስ ነው» አለችኝ።

እኔ የደብረ ማርቆስ ከተማ ልጅ ነኝ፤ ግላስ ምን እንደሆነ አላውቅም። ለካ ክፍሉ ሁሉ የሚያውቀው፣ በበዓል ቀን ኮርቻ ላይ የሚደረግ የፈረስ ጌጥ ነው። ቦራ የአያቷ ፈረስ ነበር። ዓምና ሲሞት ግላሱን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ማንም ስለማይጠቀምበት ትርንጎ ያልኩትን ሰምታ አመጣችው።

«ታዲያ ስቆርጠው ለምን ዝም አልሽ?»

«መምህር እንዴት እከለክላለሁ?» አለች። ከዚያም «አያቴ ካየ ትምህርቱን ያስተወኛል» ብላ ተንሰቀሰቀች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከትምህርት በኋላ ይዣት ቤቷ ሄድኩ። ሽማግሌ መላክ ነበረብኝ፤ ግን ልጅቷን ብቻዋን መስደድ አልቻልኩም። አያቷ አባባ እንየው አጥር ሲጠግኑ አገኘናቸው። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል «ተይ፣ ተይ ልጄ» ብለው አነሱኝ።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ አባባ። እሷን አይቆጧት፤ ትምህርቷንም አያስትዋት» አልኩና ቁራጮቹን ሰጠኋቸው።

ሁለቱን ገጥመው በአውራ ጣታቸው ጥልፉን ዳሰሱት። በመጨረሻ ለትርንጎ በአገውኛ አንድ ነገር ጠየቋት፤ አንገቷን ደፍታ መለሰችላቸው። ወደ እኔ ዞሩ።

«ፀሐይ ልታደርጉት ነው አለችኝ። ፀሐይማ ዘንገና መቼ አጥቶ?» አሉ። እኔም ትርንጎ ነገ ትመጣ ይሆን እያልኩ ተመለስኩ።

በማግስቱ ትርንጎ መጣች። አባባ እንየውም አብረዋት፣ ሁለቱን ቁራጮችና አንድ ትልቅ መርፌ ይዘው መጡ። የልጆቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡና ከጆንያው ፈረስ አስቆረጡን። ግላሱን ራሳቸው ገጥመው ጀርባው ላይ ሰፉት። ልጆቹ ዙሪያቸውን ከበው መርገፉ በየት በኩል እንደሚወርድ ይማሩ ነበር።

«ቦራ እኮ ግንባሩ ነጭ ነው» አሉ። ትርንጎ ከነጠላው ቀድዳ ሰጠቻቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ሲሄዱ በሩ ላይ ቆም ብለው «ቤት ሳለ እኔ ብቻ ነበርኩ የማየው። እዚህ ስንት ዓይን ያየዋል» አሉኝ። እኔ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

አሁን ዳንግላ ነው የማስተምረው። ያን ጊዜ ሳስታውስ አፍራለሁ፤ ደስም ይለኛል። ልጆቼ ቢንጫጩ ግድ የለኝም። ድንገት ጸጥ ካሉ ግን መቀሴን አስቀምጬ «ይኼ የማን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ።