ጭራው የከበደው አውሮፕላን

በመንግሥት እርሻው ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የጋራዡ ኃላፊ አቶ ፈንታ ጎኑ የተሰነጠቀ ተጎታች አሳዩኝና፣ «ይህን ስትጠግነው ዳግመኛ እንዳይመጣብኝ አድርገህ ጠግነው» አሉኝ። ዋንዛ ጠርቤ፣ በቡሎን አስሬ፣ ማዕዘኑን በላሜራ ለበጥኩት። ሁለት ሰዎች አቁመው አዘለሉበት። ንቅንቅ አላለም። «ጎሽ፣ እዚህ እንጨት የሚሠራው እንዲህ ነው» አሉ።

እርሻው ከሸሕዲ ወደ ኮኪት ሲኬድ መንገድ ዳር ነበር። ማሽላና ሰሊጥ ይዘራል። ስሜ አየነው ነው፤ አናጢ ነኝ፤ የተጎታች ጎን፣ የመጋዘን በር፣ የዶማ እጀታ ስሠራ ዓመታት አለፉ። ከእጄ የወጣ ነገር ተሰብሮ ተመልሶ አያውቅም። በዚህም ትንሽ እኮራ ነበር።

አንድ ጥቅምት ላይ ወይዘሪት ስንዱ የምትባል የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ውጭ አገር ተምራ ወደ እኛ ተመደበች። ከሻንጣዋ ጋር አንድ ረጅም ሳጥን አወረደች። ውስጡ ክንፉ ሰው እጁን ሲዘረጋ የሚያክል ትንሽ አውሮፕላን ነበር። የራሱ ሞተር አለው፤ መሬት ላይ የቆመ ሰው አንቴና ባላት የሬዲዮ ሳጥን ያዘዋል። መጫወቻ መስሎን ሳቅን። እሷ ግን ያመጣችው ለግሪሳ ወፍ ነበር።

ማሽላው ወተት ሲይዝ ግሪሳ ከሱዳን ወገን ይመጣል። ከወሎና ከጎጃም ለቀን ሥራ የወረዱት ሳሉጎች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍና በጅራፍ ሲያባርሩ ይውላሉ። ከአንዱ ማሳ ተነሥቶ ሌላው ላይ ያርፋል። ወይዘሪት ስንዱ አውሮፕላኑን ባስነሣች ጊዜ ግን ወፉ ባንድ ላይ ብድግ ብሎ ወደ ወንዙ ሸሸ። ሳሉጎቹ ማማ ላይ ሆነው አጨበጨቡ።

ሲያርፍ ጎማው በታጨደ የሰሊጥ አገዳ ተጠልፎ ተገለበጠና ጭራው ተቆረጠ። ገላውን ባንድ እጇ፣ ጭራውን በሌላው ይዛ ወደ እኔ መጣች።

«አየነው፣ ልትጠግነው ትችላለህ?»

«እንጨት ከሆነ እችላለሁ።»

«ባልሳ ይባላል፤ እኛ አገር የለም። ያገኘኸውን ቀላል እንጨት ፈልግ» አለችኝ።

ሰማኋት፤ ግን እጄ የለመደውን ሠራ። ዋንዛ ላግቼ ውስጡ ከተትኩ፣ በኮላ አጣበቅኩ፣ ከሥር ስስ ቆርቆሮ አለበስኩት። በአውራ ጣቴ ብጫነው አልነቃነቅ አለ።

ልትወስድ ስትመጣ አነሣችውና፣ «ከበደ እንዴ?» አለች።

«ጥንካሬው ነው» አልኳት።

ልትመልሰው አመነታች። በዚያው ቅጽበት የእርሻው ሥራ አስኪያጅ መኪና ጥሩንባ ነፋ። ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች መጥተው ማሳው ዳር ቆመዋል። ይዛው ሄደች።

እኔም ከኋላ ተከትዬ አየሁ። አውሮፕላኑ መሬት እንደለቀቀ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀሰረ፤ እሷ ወደ ታች ብታዘውም እየቀሰረ ሄደ። አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆመና ባንድ ክንፉ ተዘቅዝቆ ወደቀ። ሞተሩ ጥቁሩ ዋልካ አፈር ውስጥ ተቀበረ።

ከእንግዶቹ አንዱ ሥራ አስኪያጁን፣ «ብልሽት ነው ወይስ አሻጥር?» ብሎ ጠየቀው።

በዚያ የአብዮት ዘመን «አሻጥር» የሚለው ቃል ሰውን ወዴት እንደሚወስድ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ወደ እሷ ዞሮ፣ «ጓድ ስንዱ፣ በጽሑፍ መልስ ትሰጪያለሽ» አላት። ለእኔ ደግሞ ስብርባሪውን መርምሬ ያየሁትን እንድጽፍ አዘዘኝ።

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ በአንድ ደረደርኩት። ጭራውን የሚያዙት ቀጫጭን ሽቦዎች አልተበጠሱም። ወይዘሪት ስንዱ ሬዲዮውን ስትነካ ጭራው አሁንም ይታዘዛል። አፍንጫው ደቋል፣ ክንፉ ተሰባብሯል። ከሁሉም ደኅና የቆየው እኔ የጠገንኩት ቦታ ብቻ ነበር።

«ሚዛኑ የሚታወቀው እንዴት ነው?» አልኳት።

«ክንፉ ሥር፣ ከፊቱ ሲሦው ላይ በሁለት ጣት ታነሣዋለህ። እኩል መቆም አለበት።»

የተሰበረውን በሲባጎ ሰብስበን አሰርንና አነሣሁት። ጭራው ወርዶ ጠረጴዛውን መታ። ጥጋኔን ነቅዬ አወጣሁና የሰሊጥ ናሙና በምትመዝንበት ሚዛን ባንዱ ጎን አኖርኩት። በሌላው ጎን የተሰበረውን ባልሳ በሙሉ ሰብስቤ ከመርኩበት። የእኔ ጎን አልተነሣም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት።

ጎንበስ ብላ ሚዛኑን አየች። «እኔም ሳልመዝን አስነሥቻለሁ» አለች።

«እርስዎ ቀላል እንጨት ፈልግ ብለውኛል።»

«እንግዲህ ያየኸውን ጻፍ።»

መጀመሪያ ወደ አቶ ፈንታ ሄድኩ። በሩን ዘጉት። «ልጄ፣ ባለትዳር ነህ። ኮላው በሙቀት ለቀቀ ብለህ ጻፍ። ሙቀትን ማንም አያስረውም» አሉኝ።

ምሳ ሳልበላ በዚህ ነገር ስብሰለሰል ዋልኩ። ምክራቸው ለእኔ ያዘነ ምክር ነበር። ነገር ግን ኮላው አልለቀቀም፤ ለቀቀ ብልም ለምን በዚያ ሙቀት አስነሣሽው ተብላ የምትጠየቀው እሷ ናት። እየፈራሁም ብዕር ያዝኩ። ግማሽ ገጽ ጻፍኩ፦ ከባድ እንጨት የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ባለሙያዋ ቀላል እንዲሆን ነግራኛለች፣ የወደቀው ጭራው ስለከበደ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጊዜ አነበበው። ጥጋኔን ተቀብሎ በመዳፉ መዘነው።

«አስበህበት ነው ያደረግኸው?»

«እንዳይሰበር ብዬ ነው፣ ጌታዬ።»

ብዕሩን አወጣ። ከዚያ፣ «የሙያ ጉድለት» ብሎ ግርጌው ላይ ጻፈበትና ፈረመ። እኔ ከአናጢነት ወደ ረዳትነት ዝቅ ብዬ ኮኪት መጋዘን እንድሄድ ተወሰነ። ያ የተፈራው ቃል ወረቀቱ ላይ አልሰፈረም። እሷም በሥራዋ ቀጠለች።

ከመሄዴ በፊት ሦስት ቀን እንዲሰጡኝ አቶ ፈንታን ለመንኩ፤ ፈቀዱልኝ። የቀርከሃ ሽመል ሰንጥቄ እንደ መጥረጊያ ስንጥር አቀጠንኩት። የክንፉን፣ የጭራውንና የአፍንጫውን አጥንት በእሱ ሠራሁ፣ ላዩን ከቢሮ በተገኘ ስስ የንድፍ ወረቀት አለበስኩት። እያንዳንዱን ስንጥር ከማጣበቄ በፊት ወይዘሪት ስንዱ ትመዝነዋለች፤ ከከበዳት ትመልስልኛለች፣ እንደገና እፍቃለሁ። ሲያልቅ ከአሮጌ ባትሪ ትንሽ እርሳስ ቆርጠን አፍንጫው ውስጥ ከተትን። በሁለት ጣት ብናነሣው ቀጥ ብሎ ቆመ።

ጠዋት፣ እንግዳ በሌለበት፣ አስነሣችው። በማሽላው ላይ ዝቅ ብሎ አለፈ፤ ግሪሳው ተነሣ። የሬዲዮ ሳጥኗን ወደ እኔ ዘርግታ፣ «ያዘው እስቲ» አለችኝ። «ግድ የለም፣ ከዚሁ ልየው» አልኳት። ዓይኔ ከጭራው አልተነቀለም።

ወፉ አራት ቀን ሸሸ፤ በአምስተኛው ለመደው። ከወንዙ የራቁት ማሳዎች ተረፉ፣ የቀሩት ተበሉ። እሷም በሪፖርቷ ላይ እንደሆነው አድርጋ ጻፈች። እኔ ኮኪት ስምንት ወር ሠርቼ ወደ ጋራዡ ተመለስኩ።

ለጀማሪ አናጢዎች የምነግራቸው አጭር ነው። የተሰበረ ዕቃ ስትቀበሉ መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቁ፤ ያመጣው ሰው የሚነግራችሁንም ስሙ። ጥፋቱ የእናንተ ሆኖ ከተገኘ ሌላ ሰው በእናንተ ፋንታ ተጠያቂ ከመሆኑ በፊት ተናገሩ።