የበሽር የማትታይ ሽጉጥ

ወንድሜ በሽር ፈሪ ነው። ይህን የምለው ልሰድበው ብቻ ብዬ አይደለም፤ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር አንድ ቤት ስላደግን ነው። ውሻ ሲያይ ከኋላዬ ይሸጎጥ ነበር፤ እኔ ታላቁ ነኝ፣ ቀሚሴን ይዞ ነው ያደገው። መፍራት ነውር አይደለም፣ ሁላችንም እንፈራለን። እኔ በሽርን የማልችለው ፍርሃቱን ጀግንነት ነው ብሎ ሊሸጥልኝ ሲመጣ ነው።

አሁን ሃምሳን አልፏል። ሆዱ ከቀበቶው በላይ ተንጠልጥሏል፣ ፒያሳ ላይ መጋረጃ ይሸጣል። ይለካል፣ ይቆርጣል፣ የሙሽራ ቤት ሄዶ ይሰቅላል። አዛን ሲል የሱቁን በር ገርበብ ያደርግና "ሶላት ደርሶብኝ ነው" ብሎ በጓሮ ወጥቶ ካፌ ይቀመጣል። ከሶላት ሲመለስ የማኪያቶ አረፋ ከንፈሩ ላይ እንዳለ የማያውቅ ደንበኛ የለውም። እኛም የእሱና የአላህ ጉዳይ ነው ብለን ተውነው።

በጦርነቱ ጊዜ ሱቁ ተዘረፈ። ያኔ ያልተዘረፈ ማን አለ? እኔም የበርበሬ ሱቄን ባዶ ወለል ሆኖ ነው ያገኘሁት፤ ጠራረግኩና እንደገና ጀመርኩ። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም፤ ሰው ያለ መሣሪያ እንዴት ይኖራል ይላል። መሣሪያ ሲል ደግሞ የገጠር ሰው በትከሻው የሚያንጠለጥለውን ክላሽ አይደለም። ማንም የማያያት፣ ከልብስ ስር የምትቀመጥ ትንሽ ሽጉጥ ነበር ያማረችው።

"ማን ሊገድልህ ነው?" አልኩት አንድ ቀን። "መጋረጃ አሳጥረህ የሰቀልክለት ሰው?"

"እትዬ፣ አንቺ ዘመኑን አታውቂውም" አለኝ።

ምርጫው ወራት ፈጀ። ልጁን ሲድር እንኳ አማቹን እንዲህ አላገላበጠውም። ጀማሉዲን የሚባል አማካሪ አለው፤ ድሮ ፖሊስ ነበርኩ የሚል፣ የት ጣቢያ ሲሉት ወሬ የሚቀይር ሰው። ሁለቱ ካፌ ጥግ ይዘው ስልክ ላይ ፎቶ ሲያዩ ይውላሉ። ማካሮቭ ይከብዳል፣ ኮት ይጎትታል። የቱርኳ አፈሙዟ ይረዝማል፣ ሲቀመጡ ጎን ትወጋለች። ያቺኛዋ ወፍራም ናት፣ ጨርቅ ስር ታብጣለች። ጀማሉዲን ስለ ጥይቷ ብዛትና እጅ ላይ ስለመርጋቷ ሊያነሳ ሲል በሽር አይሰማውም። ለእሱ ቁም ነገሩ ትታያለች ወይስ አትታይም ነው።

ኮምቦልቻ ነው ያስቸገረው። ደሴ ብርድ ስለሆነ ኮት ደርቦ መድፍ ቢሸከም ማንም አያይበትም። ጨርቅ ለማምጣት ኮምቦልቻ ሲወርድ ግን ሙቀት ነው፣ ሰው ሁሉ በሸሚዝ ነው የሚሄደው። ሸሚዝ ስር ትታይ እንደሆነ ለማወቅ ምን አደረገ መሰላችሁ? ሽጉጥ የምታክል የልብስ ሳሙና ቀበቶው ውስጥ ሸጉጦ ኮምቦልቻ ወረደ። ቀኑን ሙሉ ሳሙና ታጥቆ ሲዞር ላቡ ወረደበትና ሳሙናው አረፋ ይደፍቅ ጀመር። ሱሪው ረጥቦ፣ አረፋ እያንጠባጠበ የጨርቅ አከፋፋይ ፊት ቆሞ ሲከራከር ያየው ልጄ ሀምዱ ነው። ደውሎ ሊነግረኝ ሞክሮ በሳቅ መናገር አቃተው። ሀምዱ ከሳቀ ብዙ ጊዜው ስለነበር ያን ቀን በሽርን በልቤ መረቅኩት።

በመጨረሻ ከመዳፍ ብዙ የማትበልጥ፣ ስስ፣ ጥቁር ሽጉጥ ገዛ። ፈቃዱን እንዴት እንዳወጣ አልጠየቅኩትም። ሸሚዙን ትቶ ለሁለቱም ከተማ ኮት እንደሚለብስ ወሰነ፤ በኮምቦልቻ ፀሐይ ኮት ለብሶ የሚሄድ ሰው ከእሱና ከእብድ በቀር አላየሁም። ፒያሳ ያለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ በኮቱ ውስጥ፣ ደረቱ ላይ፣ በልኳ ኪስ አሰፋ። ሰፊው ቁልፍ ልትከልበት ቢለው በሽር ተቆጣ።

"ቁልፍ ምን ያደርግልኛል? ጠላት ሲመጣ ቁልፍ ልፈታ ነው? ቶሎ መምዘዝ አለብኝ!"

ሰፊው ይህን ለቡና አጣጪዎቹ ሁሉ ነገረ። የማትታየዋ ሽጉጥ ገና ኪሷ ሳትገባ ፒያሳ ሙሉ አውቋት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሙከራው ቀጠለ። ቆሞ ሞከራት። ተቀምጦ፣ ባጃጅ ውስጥ ገብቶ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ መጋረጃ እየሰቀለ ሞከራት። ሱቁ ውስጥ ካለው መስታወት ፊት እየተገላበጠ ሚስቱን "ይታያል?" ይላታል፤ እሷም ሰልችቷት "ምኑ?" ትለዋለች፤ እሱ ደስ ይለዋል። አንድ ጊዜ እንኳ ተኩሶባት አያውቅም። መንገድ ሲሄድ ግን እጁ ደረቱን አይለቅም፤ አለች ወይ ብሎ በየደቂቃው ይዳብሳል። ወሬው ያልደረሳቸው ሰዎች ልቡን የሚያመው መስሏቸው አዘኑለት። አንዲት ባልቴት መንገድ ላይ አስቁመው ለልቡ ዱዓ አድርገውለታል። እሱም አሚን አለ።

ይህ ሁሉ ሲያስቀኝ ነበር። አሁን ለምን እንደማያስቀኝ ልናገር።

ልጄ ሀምዱ የሚኒባስ ሾፌር ነበር። ደሴ ዙሪያ ውስጥ፣ ጉም መንገዱን በሸፈነበት ጠዋት፣ ካሮትና ጎመን በአህያ ጭኖ ወደ ከተማ ይመጣ የነበረ ሁዘይፋ የሚባል ወጣት ገጨ። ልጁ እዚያው ሞተ። ፍርድ ቤት ፈረደ፣ ሀምዱ ታሰረ፣ ጨርሶ ወጣ። የመንግሥቱ በዚህ አለቀ። የሟች ቤተሰብ ይቅር ብሎ ደሙ እስኪደርቅ ድረስ ግን ልጄ ደሴን አይረግጥም፤ የሟቹ ሰዎች ገበያ ሲመጡ የሚያልፉት በሆጤ፣ በእኔ በር ነው። ስለዚህ ኮምቦልቻ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ጋራዥ ይሠራል። አባቱ ሞቷል፤ ለእኔም ከእሱ ሌላ ልጅ የለኝም። ልጄ አፍንጫዬ ስር ሆኖ ቤቱ መግባት አልቻለም።

በእኛ አገር ደም የሚያደርቀው አበጋር ነው፤ ዘር ቆጥሮ፣ ሁለቱንም ወገን ለምኖ የሚያስታርቅ ሽማግሌ። የእኛ አካባቢ አበጋር ሼህ ጁነይድ ናቸው። የሟቹ አባት ይመር ዘንድ ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ እሳቸው ያውቃሉ። ይመር መጀመሪያ ፊቱን አዞረባቸው፣ ኋላ ዝም ብሎ ሰማቸው፣ በመጨረሻ "እሺ፣ ይምጡ" አለ። ያን ቀን ሱቄን ዘግቼ አለቀስኩ።

ሥርዓቱ ከባድ አይደለም። ሁለቱ ወገኖች ከትልቁ ዋርካ ስር ይገናኛሉ። ዱላ ያለው ዱላውን፣ ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን ግንዱ ስር ያጋድማል። ከዚያ ሁሉም በአንድ ሰልፍ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን ይሰግዳሉ፤ ከሶላቱ በኋላ ከእኛ ወገን አንድ ትልቅ ሰው ተነሥቶ፣ በሆዳችን ቂም በእጃችን ብረት የለም ብሎ ይምላል። ከዚያ ዱዓ ይደረጋል፣ ልጁ ይጠራል፣ የሟች አባት እጅ ይስማል፣ አለቀ። የሚምለው የእናት ወገን ከሆነ አጎት ነው። ሀምዱ ደግሞ ያለው አጎት በሽር ብቻ ነው።

በዕርቁ ቀን ጠዋት ከቤት ስንወጣ በሽር ኮቱን ለብሶ መጣ። እጁ ደረቱ ላይ እንደሆነ አየሁ።

"ያችን ነገር ቤት ትተሃታል?" አልኩት።

"ወላሂ እትዬ፣ ቤት ናት። አብሽሪ።"

ወላሂ አለኝ። የናቴ ልጅ ወላሂ ሲለኝ ኪሱን እበረብራለሁ?

ሀምዱን ኮምቦልቻ ድረስ ወርደን በጎረቤታችን ሚኒባስ አምጥተነው ነበር። ነጭ ሸሚዝ ገዝቶ ለብሷል። እስኪጠራ ድረስ ከታች መንገድ ዳር ሚኒባሱ ዘንድ ቀረ፤ እኛ ወደ ዋርካው ወጣን። የይመር ሰዎች ቀድመው መጥተዋል። ክላሻቸውን ሁሉም እያየው ግንዱ ስር ደርድረው አጋደሙት፤ ማንም ምንም አላላቸውም፣ ገጠር ነው፣ ሰው መሣሪያ ይይዛል። ሼህ ጁነይድ ወደ እኛ ዞረው "የናንተስ?" አሉ። በሽር ሁለት እጁን ዘርግቶ "እኛ ባዶ እጃችንን ነን" አለ። አነጋገሩ ጨዋ ስለነበር እኔም ኮራሁበት። አሁን ሳስበው እቃጠላለሁ።

ሶላት ተቆመ። ሼህ ጁነይድ ሆን ብለው ይመርንና በሽርን ጎን ለጎን አቆሟቸው። እኛ ሴቶች ከኋላ ቆምን። ጎንበስ ሲሉ ምንም አልሆነም፤ በሽር ክንዱን ደረቱ ላይ ጠበቅ ሲያደርግ አየሁ። ሱጁድ ወረዱ። ግንባሩ መሬት ሲነካ ኮቱ ተገለበጠ፣ ኪሱ አፉን ወደ መሬት ደፋ፣ ቁልፍ የለውም። ሰሌኑ ስር ያለው ድንጋይ ላይ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ቆሞ ሞክሯት ነበር፣ ተቀምጦ ሞክሯት ነበር፣ መሰላል ላይ እንኳ ሞክሯት ነበር። ሱጁድ ላይ ግን አልሞከራትም። ከየት ትዝ ይበለው? ስንት ዓመቱ ግንባሩ መሬት ሳይነካ!

ሶላቱን ማንም አላቋረጠም፣ ከእሱ በቀር። እሱ እዚያው ተንበርክኮ ኮፊያውን ከራሱ አውልቆ ጣለባት፤ ሰው የማያይበት መስሎት። ቀሪው ሶላት ሁሉ ያች እብጥ ያለች ኮፊያ በሁለቱ ሰዎች መካከል ተቀምጣ ተሰገደ። እኔ ምን እንዳልኩ፣ ምን እንደቀራሁ አላውቅም። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ስለ ልጄ ብቻ ነበር የማስበው።

ሶላቱ ሲያበቃ ይመር ወደ ቀኝ አሰላመተ፣ ወደ ግራ አሰላመተ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ኮፊያዋን አነሣና ለበሽር ሰጠው።

"ኮፊያህ ወድቃለች፣ ወንድሜ" አለው።

ሽጉጧ ሰሌኑ ላይ ተገልጣ ቀረች። እንዴት ያለች ትንሽ ነገር ናት! ለዚህች ነው ያን ሁሉ ወር የመረጠው።

"ለናንተ አይደለም፣ ለመንገዱ ነው! መንገዱ ስለሚያስፈራ ነው!" ይላል በሽር፣ ላቡ እየወረደ።

"የሰው ሁሉ መሣሪያ ያውና ዛፍ ስር ተጋድሟል" አሉት ሼህ ጁነይድ። "አንተም ብታጋድማት ማን ምን ይልህ ነበር? ለምን ደበቅካት?"

ይመር ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ።

"ልጄን ጉም ነው የገደለብኝ፣ የአላህ ውሳኔ ነው ብዬ ነበር የመጣሁት" አለ። "ጉሙን ይቅር ብዬ ነበር። እዚህ ግን ሆን ብሎ፣ ኪስ አሰፍቶ የመጣ ሰው አየሁ። ሼህ፣ እርስዎን አከብራለሁ፤ ዛሬ ግን አይሆንልኝም።"

ሰዎቹ ክላሻቸውን አንድ በአንድ አንሥተው ሄዱ። ሼህ ጁነይድ ዱዓ ሳያደርጉ ምንጣፋቸውን ጠቀለሉ። መቼ እንደገና እንደሚለምኑ እንኳ ሳልጠይቃቸው ቁልቁል ሄድኩ።

ወደ መንገዱ ስወርድ ሀምዱ ከሚኒባሱ ወርዶ ቆሟል። ሸሚዙ እንዳይጨማደድበት ቁጭ እንኳ ሳይል ነው የጠበቀው።

"እማ፣ ልምጣ?" አለኝ።

"አይ፣ ልጄ" አልኩት። እሱም ፊቴን አየና ዞሮ ሚኒባሱ ውስጥ ገባ።

በሽር ከኋላዬ እያለከለከ ደረሰ። ይቅርታ ሊል መስሎኝ ቆምኩለት። የናቴ ልጅ አይደል? ኮቱን ገልጦ ኪሱን አሳየኝ።

"እትዬ፣ ጥፋቱ የዚያ ሰፊ ነው። ቁልፍ ቢተክልበት ኖሮ ማንም አያይም ነበር። ጀማሉዲን ደግሞ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር አለ ብሎኛል፣ በሚቀጥለው..."

አላስጨረስኩትም። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ ሀምዱ ጎን ተቀመጥኩና በሩን በላዩ ላይ ዘጋሁት። ሾፌሩ "በሽርስ?" አለኝ። ንዳ አልኩት፣ ወደ ኮምቦልቻ ንዳ፤ እሱ በእግሩ ይምጣ፣ ለመንገዱ ሽጉጥ ይዟል።