አስፍቼ የቆረጥኩት ሸራ

ክልሉ ገና ክልል በሆነ ሰሞን ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። አዲስ ቢሮ በየጊዜው ይከፈታል፤ ቢሮ ሲከፈት መጋረጃ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የስፌት መኪናዬ አታርፍም። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። የእኔ ሜትር ግን አይሳሳትም ይሉኝ ነበር ሰዎች፣ እኔም አምኜላቸው ነበር።

አንድ ቀን ከአቦቦ ክሊኒክ መርፌ የሚወጋው፣ ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር መጣ። የአገሩ ተወላጅ ነው፤ ረጅም፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሰው ሁሉ «ዶክተር» የሚለው። እዚያ የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር አንድ ፈረንጅ ነበር። ይህ ፈረንጅ በዕረፍት ቀኑ እዚያው ባለው ግድብ ውሃ ላይ በሳንቃ ይሄዳል። ሳንቃ እንበለው እንጂ ፕላስቲክ ነው። መሃሉ ላይ ምሰሶ ይተከላል፣ ምሰሶው ሸራ ይለብሳል፣ ሰውየው ሳንቃው ላይ ቆሞ ሸራውን በእጁ ይይዛል፣ ንፋስ ይነዳዋል። ድሬሰሩንም ማስተማር ጀምሮ ነበር። ለጀማሪ የምትሆነውን ትንሿን ሸራ ግን መጋዘን ውስጥ አይጥ በላት። ፈረንጁ ደግሞ ሊሄድ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። «እስከ ወዲያኛው ዳር ብቻህን ሄደህ ከተመለስክ ሳንቃውን ትቼልህ እሄዳለሁ» ብሎታል።

«በታንኳ ተቀምጬ ነው ያደግሁት፣ ጋሼ» አለኝ ድሬሰሩ። «ቆሜ መሄድ አማረኝ።»

የድንኳን ሸራና ሁለት ቦታ የተቋጠረ ገመድ ሰጠኝ። ገመዱ የአሮጌዋ ሸራ ልክ ነው፤ ቁመቷና ግርጌዋ።

«በዚህ ልክ፣ ጋሼ። እንዳታበዛው።»

«አንተን የሚያህል ሎጋ በዚህች መሐረብ ሊሄድ?»

ሳቀ። «ጀማሪ ትንሽ ነው ጥሩ። ትልቅ ከሆነ ንፋሱ ያሸንፍሃል።»

«እሺ» አልኩት።

እሺ አልኩ እንጂ በልቤ አልተቀበልኩትም። እኔ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምሰፋ ሰው ነኝ። ልጅ ያድጋል፣ ልብሱ ያጥረዋል ብዬ እጅጌውንም ግርጌውንም አተርፋለሁ፤ እናቶች ይመርቁኛል። እሱም ዛሬ ጀማሪ ነው፣ ነገ ይለምዳል፣ ያን ጊዜ ይቺ ትጠበዋለች፣ ይመርቀኛል አልኩ። በቁመቱ ላይ አንድ ክንድ ከስንዝር፣ በግርጌው ላይ አንድ ክንድ ጨመርኩ። ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ ይህ ሰው አማርኛው ሰባራ ነው፣ የሚለውን በደንብ አያውቀውም የሚልም ሐሳብ ነበረኝ። የሚለውን አሳምሮ ያውቅ ነበር።

በቀጠሮው ቅዳሜ ሸራውን ይዤ በክሊኒኩ መኪና አቦቦ ወረድኩ። ግድቡ ዳር ዓሣ አጥማጆችና ዘበኞች ተሰብስበዋል። ሸራው ሲዘረጋ «ስፌት ማለት ይህ ነው!» አሉኝ፤ ደረቴ ተነፋ። ፈረንጁ ግን ዞር ዞር ብሎ አየውና አንድ ነገር ተናገረ።

ድሬሰሩ ተረጎመልኝ፦ «ከልኩ አልሰፋም ወይ ይላል።»

ያ ሁሉ ሰው ያየኛል። ሜትሬ አይሳሳትም የተባልኩት እኔ ነኝ። «ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል በለው» አልኩ። «የድንኳን ሸራ እንደዚያ ነው።»

እንደዚያ አይደለም። አውቀዋለሁ፣ ስንቱን ድንኳን ጠግኛለሁ። ድሬሰሩ ሸራውን አንዴ አየና ተረጎመለት። ፈረንጁ የአገሩ ሸራ ሌላ ስለሆነ የእኔን ጨርቅ አያውቀውም፤ አመነኝ።

ድሬሰሩ ውሃው ውስጥ ገባ። ሳንቃው ላይ ቆሞ የተኛውን ሸራ በገመድ መሳብ ጀመረ። ሸራው መሰብሰቡ ቀርቶ ውሃ ጠጥቶ እንደ እርጥብ ግንድ ከበደ። ጥቂት ያነሳዋል፣ ሸራው ይጥለዋል፤ እንደገና ሳንቃው ላይ ይወጣል፣ አብሮት ይወድቃል።

«ዶክተር፣ መርፌው ይሻልሃል!» ብሎ ጮኸ አንዱ ዓሣ አጥማጅ።

«አገር የሚያህል ሸራ ተሰፍቶለት!» አለ ሌላው። «ጨርቁ ምን ያድርግ?»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እስከ ዛሬ ያ ሳቄ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

በመጨረሻ እንደምንም አቆመው። ወዲያው ንፋሱ ሸራውን ሞላውና ሰውየውን ከሳንቃው ነቅሎ ወደ ፊት ወረወረው። ምሰሶው ቅንድቡን መታው። ንፋሱ አዞ ወደሚተኛበት ቄጠማ ሲነዳው ያ ቅድም በመርፌው ያላገጠበት ዓሣ አጥማጅ ነው በታንኳ ደርሶ ያወጣው።

ፈረንጁ ቅንድቡን በጨርቅ ይዞለት ቀስ ብሎ አናገረው። እኔ ምን አለህ ብዬ ጠየቅሁት። ይህንንም ራሱ ተረጎመልኝ፦ «ገና ነህ ይላል። ትቼልህ ብሄድ ትሞትበታለህ ይላል።»

ሸራው ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሳንቃውን መኪና ላይ ሲጭኑት ግን ገመዱን ይዤ አገዝኩ። ፈረንጁም በሳምንቱ ይዞት ሄደ።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «ሸራ አስፍቶ መቁረጥ ምን ኃጢአት አለው?» አሉኝ።

«ውሸቱ ነው፣ አባቴ።»

«ታዲያ እኔን ምን አደረግኸኝ? ለሰውየው ንገረው።»

ይህንን ለማድረግ አንድ ክረምት ፈጀብኝ። ክሊኒኩ ሄድኩ። ቅንድቡ ላይ ጠባሳው ቀርቷል። አንድ በአንድ ነገርኩት፤ የጨመርኩትን ክንድ፣ የዋሸሁትን።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለኝ። «ገና ስንዘረጋው በክንዴ ለክቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ይሰበሰባል ብለህ የነገርከኝ በሰው ፊት ነው። ምን ብዬ ልተርጉም? ጋሼ ይዋሻል ልበል?»

ቁጣ አልነበረበትም። ትከሻዬን መታ አድርጎ ወደ ሕመምተኞቹ ገባ። እኔ ግን ከበሽተኞቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበረች ሴት «ምንዎን ነው ያመመዎት፣ አባቴ?» ብላ ጠየቀችኝ።