ከምስማሩ ላይ ያለው ቁልፍ

የባሏ የደምሰው አርባ ከወጣ በኋላ የዘነቡን በር የሚያንኳኳ ጠፋ። ሐዘን ቤት ሰው ሲሞላ ብቸኝነት ደጅ ቆሞ ይጠብቃል፤ የእድሩ የመጨረሻ ወንበር ሲወጣ እሱ ይገባል። ልጃቸው ሚካልም ወደ ፉሪ፣ ወደ ባሏ ቤት ተመልሳለች። በሩ አጠገብ የቀሩት የደምሰው ቦት ጫማና ምስማር ላይ የተንጠለጠለው ቁልፍ ናቸው።

ደምሰው እንጀራው የቧንቧ ሥራ ነበር፤ በፈቃዱ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ያለ ደመወዝ፣ የነፋስ ስልክ ሰፈሩ እሳት አጥፊ። የሁለት ሳምንት ሥልጠና ወስዶ ሲመለስ «የእሳት አደጋ መኪናው በኛ ቅያስ እስኪገባ እኛው መድረስ አለብን» አለ። ሰውን የሚጠራበት ሌላ ነገር ስላልነበረው የእድሩን ጥሩንባ ተማመነ።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ሆነ። የሙፊዳ ሱቅ ሲቀጣጠል ጥሩንባ ነፊው ደገፋ ባለ በሌለ ሳንባው ነፋ። ሰፈሩ ግን ሞት መሰለው። ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ ጋቢውን ተከናንቦ፣ «ማን ነው ያረፈው?» እየተባባለ ቀስ ብሎ ሲደርስ ሱቁ ግማሽ ሆኗል።

«አላህ ይስጣችሁ፣ ሱቄን በወግ አስቀብራችሁልኛል» ትላለች ሙፊዳ እስከ ዛሬ።

ከዚያ ወዲህ ለሞት አንድ ረጅም፣ ለእሳት ሦስት አጭር ተባለ። ደምሰው ከእድሩ መጋዘን ጎን አንዲት ክፍል ለምኖ ውሃ በበርሜል፣ ባልዲ በደርዘን አስገባባት። ባልዲው በየሠርጉ እየተወሰደ መቅረት ሲያበዛ ቆለፈና ቁልፉን ቤቱ ሰቀለው።

ዘነቡ ያን ጥሩንባ ትጠላው ነበር። ሦስት ጊዜ ሲጮህ ባሏ ጉርሻውን ሳይውጥ ይነሣል። ሚካል የተመረቀች ዕለት ከፎቶው መሐል ሮጦ ስለ ወጣ፣ ዛሬ ፎቶው ላይ የሚታየው ትከሻው ብቻ ነው። ግን ሁሌም ከበሩ ዞር ብሎ «ብቻሽን እንዳትበዪ፣ መጣሁ» ይላል። ይመጣልም፤ ጭስ ጭስ እየሸተተ፣ የቀዘቀዘውን አብሯት ይበላል።

ከአርባው ወዲህ ደገፋ ቁልፉን ፍለጋ ሁለቴ መጣ።

«እትዬ፣ እድሩ ተቀበል ብሎኝ ነው።»

«የት እንዳስቀመጠው እንጃ። እፈልገዋለሁ» አለች፣ ምስማሩን በጀርባዋ ከልላ።

ውሸት ልማዷ አልነበረም። ቁልፉ ከወጣ ግን ባሏ የሚመለስበት ምክንያት የሚያልቅ መሰላት። ሙት እንደማይመለስ ልብ ያውቃል፤ እጅ ግን ቶሎ አይማርም።

ሐሙስ ምሳዋን አቅርባ እንደተቀመጠች ጥሩንባው ጮኸ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ዘነቡ ብድግ ብላ ቦት ጫማውን አንሥታ ልታቀብለው ዞረች። ያኔ ነው ትዝ ያላት። ጫማውን ይዛ ትንሽ ቆመች።

ከዚያ ቁልፉን መንጭቃ ወጣች። በስድሳ ስድስት ዓመቷ፣ በነጠላ ጫማ፣ ኮብልስቶኑን ሮጠችው። የባልዲው ክፍል ደጃፍ ሰው ተሰብስቧል፤ ደገፋ ጓጉንቸሩን በድንጋይ ይቀጠቅጣል።

«ዞር በል!»

«እትዬ! ተገኘ እንዴ?»

«አልጠፋም ነበር» አለችና ከፈተች።

የሚነደው የአናጢው የያሕያ ቤት ነበር። ባልዲው ከእጅ ወደ እጅ ሄደ፤ እሳቱ ከአንድ ግድግዳና ከጥቂት ጣውላ ሳያልፍ ጠፋ። ያሕያ ግን ውሃው እስኪመጣ የተያያዘውን ፍራሽ በባዶ እጁ ሲጎትት መዳፉ ተልጧል። ዘነቡ አየችው። ማንም አልወቀሳትም፤ የከበዳትም ይኸው ነው።

ደገፋ ሳይጠይቃት ቁልፉን መዳፉ ውስጥ አስቀመጠችና ጣቶቹን በጣቶቿ አጠፈቻቸው።

«ዘንዬ፣ እኛ ጋ ነይ፣ እህል እንቅመስ» አለቻት ሙፊዳ።

«ምሳ አቅርቤ ነው የመጣሁት።»

ቤት ስትገባ ወጡ ረግቷል። ምስማሩ ባዶ ነው። ዘነቡ እጇን ታጥባ፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ፣ ጥቂት ጠበቀች። ልብሷ ጭስ ጭስ ይሸታል። ከዚያ ብቻዋን በላች።