አቶ ብዙነህ ያፈኑት ማስጠንቀቂያ

አቶ ብዙነህ በወለንጪቲ ከተማ ሒሳብ ማስተማሩን ትተው አዳማ ከገቡ ሃያ ዓመት አለፋቸው። የሚሠሩበትን የግል የሕክምና ላቦራቶሪ የኮምፒውተር ፕሮግራም የጻፉት ብቻቸውን ነው። ሠራተኛውን ያሰለቹት ግን በሌላ ነገር ነው፤ ውጤት የሚወስድ ታካሚ ስሙ እስከ አያቱ ካልተጠራ ሞተው ይገኛሉ። አዳማ ውስጥ ስንት ሱሩር ከድር እንዳለ እሳቸውን ጠይቁ።

ዘንድሮ ኤቢሴ የምትባል ወጣት ፕሮግራመር በሙከራ ተቀጠረች። አዲሱን ፕሮግራም በሌላ የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፈች፤ አሮጌውና አዲሱ የሚገናኙበትን ድልድይ የሠሩት ግን አቶ ብዙነህ ናቸው። በሁለቱም ፕሮግራሞች «ናሙና» የሚባል የመረጃ ዓይነት አለ። በእሳቸው አንድ የደም ብልቃጥ ነው፤ በእሷ የአንድ ታካሚ ብልቃጦች በሙሉ። ድልድዩ የቱን እንደሚወስድ ግራ ሲገባው ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ሲደጋገምባቸው ታከታቸውና «መጀመሪያ ያገኘኸውን ውሰድ» የሚል መስመር ጽፈው ዝም አሰኙት። ከዚያም ረሱት።

ሰኞ አዲሱ ሲሞከር፣ ሦስት ብልቃጥ ደም የሰጠች ሴት የአንዱ ውጤት ብቻ ወጣላት። ከጠፉት አንዱ የስኳሯ ነበር። ደግነቱ አሮጌው ፕሮግራም ገና ስላልተዘጋ የጠፉት ከዚያ ተገኙ። ሥራ አስኪያጁ ግን ኤቢሴን ተቆጣ፤ እስከ ዓርብ ካላስተካከለች እንደምትሰናበት ነገራት። ልጅቷ የራሷን ኮድ ከላይ እስከ ታች ስትበረብር ሰነበተች። አቶ ብዙነህ ማክሰኞ ጥፋቱን አገኙት። አገኙትና ዝም አሉ። ፈሩ፤ ሌላ ስም የለውም።

ሐሙስ ጠዋት ኤቢሴ ዓይኗ ቀልቶ ገባች።

«ጋሼ፣ አላገኘሁትም። ሥራው ከአቅሜ በላይ ሳይሆን አይቀርም» አለች።

በመስኮቱ በኩል አንዱ ታካሚ ከነአባቱ ከነአያቱ ሲጠራ ተሰማ። አቶ ብዙነህ አፈሩ፤ ለታካሚ ስም ያደረጉትን ጥንቃቄ ለናሙናው ነፍገውታል።

«ያንቺ አይደለም፣ የኔ ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ አውቄዋለሁ» አሉ።

 ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ራሳቸው ሄደው ተናገሩ፤ የሚባሉትንም ተባሉ። ተመልሰው ያችን መስመር አጠፉና ሁለቱን ናሙናዎች ከየፕሮግራማቸው ስም ጋር አሟልተው ጻፉ። ኤቢሴ ለሙከራ አንዱን ስም ሆን ብላ አጉድላ አስገባች። ድልድዩ ቆመና የትኛው ናሙና እንደሆነ ጠየቀ።

«ይኸው ጠየቀ» አለች ኤቢሴ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ። «እርስዎ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ምን ሆንሽ ብለው አልጠየቁኝም።»

«አልጠየቅኩሽም» አሉ አቶ ብዙነህ።