ቡፌ ውስጥ የከረመው ነጭ ወይን

ቡፌ የሚባል ዕቃ አልወድም። ልደታ ኮንዶሚኒየም ማንም ቤት ብትገቡ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃችኋል፤ መስታወቱ ውስጥ የማይበላባቸው ሳህኖችና የማይጠጡ ጠርሙሶች ተደርድረው። መጠጥ ለዓይን ተብሎ ሲቀመጥ ሳይ ያቅለሸልሸኛል። ምክንያት አለኝ።

አምሳሉ ሜክሲኮ አካባቢ በነበረ አንድ ሆቴል ሠላሳ ዓመት አስተናግዷል። እኔ እዚያው ወጥ ቤት ነበርኩ። ወይን ሲከፍት ቡሹ ድምፅ አያሰማም፤ ሲቀዳ ጠብታ አይወድቅም። እሱ ግን አንድ ሙሉ ብርጭቆ ጠጥቶ አያውቅም። ስለ ወይን የሚያውቀውን ሁሉ የተማረው እንግዳ ከተወው ቅሪት ነው፣ ያውም ጓዳ ቆሞ።

የዘወትር ደንበኛው የሆነ አንድ ፖርቱጋላዊ መሐንዲስ ነበር። ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ኦክ በሚባል እንጨት በርሜል ውስጥ የከረመ የአገሩን ነጭ ወይን ሰጠው። ቅቤ የነካው ዶሮ ወይም አሳ፣ ለስላሳ አይብም ይስማማዋል፤ በርበሬ ግን ይገድለዋል ብሎ መከረው። አምሳሉ ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወጥ ቤት ገባ።

«እንዳለች!» ብሎ በስሜ ጠራኝ። «ይሄን ከወርቄ ጋር ነው የምጠጣው። ዕድሜዬን ሙሉ ምን ስሸከም እንደኖርኩ ሚስቴ አንድ ቀን ትቅመሰው።»

«ዛሬውኑ ጠጡታ!» አልኩት።

ቤት ሲደርስ ወርቄ ጠርሙሱን ከእጁ ተቀብላ ቡፌው ውስጥ አቆመችው። «እንዲህ ያለ ነገር ለተራ ቀን አይከፈትም፤ ጡረታ ስትወጣ እንከፍተዋለን» አለችው። የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ እዚያው ቡፌው ላይ ያርፋል። እሷ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠርሙሱን አውጥታ ትወለውልና ጽሑፉን ወደ እንግዳ አዙራ ትመልሰዋለች። ስምንት ዓመት! እነሱ ቤት በሄድኩ ቁጥር አምሳሉን ለብቻው ይዤ «ወይን ጨለማ ውስጥ ተጋድሞ ነው የሚቀመጠው፤ አንተ ይሄ ጠፍቶህ ነው? ንገራት እንጂ» እለዋለሁ። «ደስ ይላታል፣ ተያት» ይለኛል። ሙያ የሚያውቅ ሰው ዝም ሲል ከማያውቀው የባሰ ያስጠላል።

ጡረታ የወጣ እሁድ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። እኔ በቅቤና በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ዶሮ ይዤ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ግን ቁርጥ ቀርቧል፣ ከነሚጥሚጣውና ከነአዋዜው። የእኔ ዶሮ በርበሬ የለውም ተብሎ ወደ ዳር ተገፋ። አምሳሉ ነጭ ፎጣ ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ጠርሙሱን መክፈት ጀመረ። ቡሹ ደርቆ ኖሮ እጁ ላይ ተፈረፈረ። ወይኑ የሻይ መልክ ይዟል። ሽታው አፍንጫዬን መታው፤ ኮምጣጤ ሆኗል። እሱም ሸቶታል፤ ፊቱ ሲለወጥ አይቻለሁ።

እንግዶቹ ኮካ ጨመሩበት። ኮካ! የቡሽ ፍርፋሪ እየተንሳፈፈበት፣ ጥሬ ሥጋውን ሚጥሚጣ እያጠቀሱ «የውጭ ዕቃ እኮ ያስታውቃል» ተባባሉ። እብድ ባያፍር የእብድ ዘመድ ያፍራል እንዲሉ እኔ አፈርኩላቸው። ተነስቼ የደረሰኝን ብርጭቆ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት።

ወርቄ ኮካውን እምቢ አለች። ለሆቴሉ እንግዶች እንደሚቀዳላቸው አድርጎ፣ ምንም ሳይቀላቀልበት እንዲቀዳላት ጠየቀችው። ቀዳላት። ጠብታ አልወደቀም። ተጎነጨች፤ ፊቷ ተጨማደደ፤ እንደምንም ዋጠችው። ከዚያ እንባ ባቀረሩ ዓይኖች አየችው።

«ውይ አምሳሉዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ ስትሸከም የኖርከው ይሄን ነው?»

ተበላሽቶ ነው ልላት አፌን ስከፍት አምሳሉ በዓይኑ ዝም አሰኘኝ። ወደ ቡፌው ዞር አለ። ጠርሙሱን የምትወለውልበት ጨርቅ ታጥቦና ታጥፎ እዚያው ጎኑ ተቀምጧል።

«አዎ ወርቄ» አላት፣ «ይሄው ነው።»